የብርድ ወራት ጡረተኞች በአሪዞና በረሃ

ከሎስ አንጀለስ ወደ ፊኒክስ በሚወስደው አይ-10 አውራ ጎዳና የኮሎራዶን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ጥቂት የነዳ ሰው ኳርትሳይት የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። በ2020ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበው ነዋሪዋ 2,400 ገደማ ነው። በሐምሌ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ስለሚያልፍ ቀን ላይ መንገዱ ጭር ይላል። በጥር ግን ዙሪያዋን ያለው ሜዳ ዓይን እስከቻለ ድረስ በመኪና ቤቶች ይሞላል። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከሚኒሶታ፣ ከሞንታና፣ ከኦሪገን፣ ከካናዳም ጭምር በረዶውን ሸሽተው የመጡ። ስኖውበርድ ይባላሉ። በዚህ ጎዳና ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ያንን ሰፈር በመስኮት አይተው የሚያልፉ ሁሉ ማን እንደሚኖርበትና እንዴት እንደሚኖር ቢያውቁ ደስ ስለሚለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሩቅ ለሚያይ ነገሩ ሽርሽር ይመስላል። ሽርሽር ግን አምስትና ስድስት ወር አይዘልቅም። እነዚህ ሰዎች በረሃው ላይ ኑሮ ነው የያዙት፤ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ይታመማሉ፣ ይድናሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ። ብዙ ሰው ሚስጥሩ የመኪናው ምቾት ይመስለዋል። እኔ ግን ኑሮውን ያቆሙት ሕግ ያለው ርካሽ መሬትና በጠብታ የሚቆጠር ውሃ ናቸው እላለሁ።

ከመሬቱ ልጀምር። ከአሜሪካ መሬት አንድ አሥረኛ የሚሆነውን የሚያስተዳድር የፌዴራል የመሬት አስተዳደር ቢሮ አለ፤ በኳርትሳይት ዙሪያ ያለው ሜዳም ባብዛኛው በእሱ እጅ ነው። ቢሮው በሚያስተዳድረው ክፍት መሬት ላይ ማንም ሰው ያለ ክፍያ 14 ቀን መስፈር ይችላል፤ ጊዜው ሲያበቃ ነቅሎ ራቅ ወዳለ ቦታ መሄድ አለበት። ለሰባ ዓመት ሰው በየሁለት ሳምንቱ ጓዝ ጠቅልሎ መነሳት ቀላል አይደለም። ሰፋሪው እየበዛ ሲሄድ ደግሞ በረሃው ራሱ መጠበቅ አስፈለገው። ስለዚህ ቢሮው እ.ኤ.አ. በ1983 በአሪዞናና በካሊፎርኒያ በረሃ የተወሰኑ ቦታዎችን ለይቶ ለረጅም ጊዜ እንግዶች ፈቀደ። ከኳርትሳይት በስተደቡብ ያለው ላ ፖሳ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ስፋቱ ከ4,500 ሄክታር በላይ ይሆናል።

ፈቃዱ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ሰባት ወር ሙሉ ያገለግላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ መሆኑ ነው። ዋጋው ለብዙ ዓመታት 180 ዶላር ነበር። በትልልቆቹ የአሜሪካ ከተሞች በዚህ ገንዘብ ሆቴል የሚታደረው አንድ ሌሊት ነው። በምላሹ ላ ፖሳ ላይ የመጠጥ ውሃ መቅጃ፣ ፍሳሽ መድፊያና ቆሻሻ መጣያ ይገኛል። ከዚያ ውጪ መብራት የለም፣ ወደየቤቱ የሚገባ የውሃ መስመር የለም፣ አጥር የለም፣ ቁጥር የተሰጠው ቦታም የለም፤ ሰው የወደደው ዛፍ ሥር ይቆማል። ከጎረቤቱ ቢያንስ 15 ጫማ መራቅ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ አለማሰማት፣ መሬት አለመቆፈር፣ ውሻን ማሰር ግዴታው ነው። ሀብታሙም ድሃውም አንድ ዋጋ ከፍሎ አንድ ዓይነት ጠጠር ላይ ያድራል። ከጠቅላላው ነገር አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው።

አርቪ የሚባለው የመኪና ቤት ዓይነቱ ብዙ ነው። አውቶቡስ የሚያክል ባለሞተር አለ፤ በፒክአፕ የሚጎተት ተሳቢ አለ፤ አነስተኛ ቫን ውስጥ አልጋና ምድጃ የተገጠመለትም አለ። አዲሱ ትልቅ ባለናፍጣ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ሲያወጣ፣ ያገለገለ ተሳቢ ከአንድ አሮጌ የቤት መኪና ባልበለጠ ዋጋ ሊገኝ ይችላል። አብዛኞቹ የሚሠሩት በኢንዲያና ግዛት ኤልክሃርት በምትባል ከተማና በአካባቢዋ ነው። ትልልቆቹ በአንድ ሊትር ከሦስትና ከአራት ኪሎ ሜትር ስለማያልፉ ጡረተኞቹ አንዴ ከደረሱ አያንቀሳቅሷቸውም፤ ገበያ የሚሄዱት ከኋላ ጎትተው ባመጧት ትንሽ መኪና ነው።

ይህን የተሳቢ ቤት ወግ አገራችንም አንድ ጊዜ አይታዋለች። ኤርስትሪም የሚባለውን የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ተሳቢ የፈጠረው ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 41 ተሳቢ ቤቶችን አሰልፎ ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ አፍሪካን አቋርጧል። ጉዞው በኢትዮጵያ በኩል ነበር፤ መንገደኞቹም ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል።

አሁን ወደ ውሃው። የተሟላ አርቪ ሦስት ታንከር አለው። በአንደኛው ንጹሕ ውሃ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው የዕቃና የገላ እጣቢ ይጠራቀማል፤ ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው። ትልቅ የሚባለው መኪና 100 ጋሎን ወይም 380 ሊትር ገደማ ንጹሕ ውሃ ሲይዝ ትንሹ የዚህን ግማሽ እንኳ ላይዝ ይችላል። አንድ አሜሪካዊ በመደበኛ ቤቱ በቀን በአማካይ 300 ሊትር ውሃ ያፈሳል። በዚያ ልማድ ከቀጠሉ ባልና ሚስቱ ትልቁን ታንከር ሳይመሽ ያደርቁታል። የለመዱት ግን በአንድ ሙሌት ሁለት ሳምንት ይቆያሉ፤ ለሁለት ሰው በቀን 27 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ሳህኑ ውሃ ከመንካቱ በፊት በወረቀት ይጠረጋል፤ ከዚያ በሳፋ ውስጥ በጥቂት ውሃ ይታጠባል። ሙቁ እስኪመጣ ከቧንቧው የሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ ተይዞ ሽንት ቤት ይደፋበታል። ገላ ሲታጠቡ ውሃ ከፍቶ መራስ፣ ዘግቶ ሳሙና መቀባት፣ እንደገና ከፍቶ ቶሎ መለቃለቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት አንባቢ ይህን ጥበብ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ታንከሮቹ ሲሞሉ መኪናው ወደ መድፊያው ጣቢያ ይነዳል፤ ወይም ፍሳሹ በተንቀሳቃሽ ሳጥን ይወሰዳል። ጓንት ይጠለቅና ወፍራሙ ቱቦ ከመኪናው ሥር ይገጠማል። መጀመሪያ የሚከፈተው የሽንት ቤቱ ቫልቭ ነው። እሱ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ የእጣቢው ይከፈትና ሳሙናማው ውሃ ቱቦውን አጥቦት ይወርዳል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ቆሻሻ ቱቦ ጭኖ ይመለሳል። አዲስ ሰው ሲመጣ ነባሮቹ አጠገቡ ቆመው መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህንን ነው፤ የሰፈሩ ንጽሕና የሚጠበቀውም በዚሁ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ እኔን የሚያስገርመኝ ማቀዝቀዣው ነው። በብዙ አርቪዎች ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ በጋዝ እሳት ነው የሚሠራው። ከጀርባው ያለች ትንሽ ነበልባል የአሞኒያና የውሃ ድብልቅ ታሞቃለች፤ አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ በርዶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከዚያም ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ እንደገና እየተነነ የሳጥኑን ሙቀት ይወስዳል። በመጨረሻ ውሃው መልሶ ያምገውና ዑደቱ ይቀጥላል። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለመቆጣጠሪያው ብቻ ነው። ፈሳሹ የሚመለሰው ግን በራሱ ክብደት ስለሆነ መኪናው ወደ ጎን ካጋደለ አንድ ጥግ ላይ ይታቆራል፤ ማቀዝቀዣውም መሥራት ያቆማል፣ ውሎ ካደረም ይበላሻል። ጡረተኞቹ ሰፈር እንደደረሱ ከሁሉ አስቀድመው ውሃ ልክ አውጥተው ከጎማ ሥር ጣውላ የሚደረድሩት ስለዚህ ነው።

መብራት የሚገኘው ከሶላር ነው። የበረሃዋ ፀሐይ አስተማማኝ ብትሆንም በታኅሣሥና በጥር ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ጣሪያ ላይ የተኛ ፓነል ብዙ አይሰበስብም፤ ወደ ደቡብ ቀና የሚያደርጉት ይበልጥ ይጠቀማሉ። የድሮው የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። አዲሱ ሊቲየም ያለውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ይሰጣል፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ግን የጄኔሬተርን ጩኸት ያስቀራል።

የበረሃ ሌሊት በጥር ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። የመኪናው ማሞቂያ በጋዝ ቢሠራም ማራገቢያው የባትሪውን ኃይል ጨርሶ ያድራል። ስለዚህ ብዙዎች ማራገቢያ የሌላት ትንሽ የፕሮፔን ማሞቂያ ይጠቀማሉ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ መስኮት ገርበብ ማድረግ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መስቀልና ከመኝታ በፊት ማጥፋት የግድ ነው። የበረሃው ደረቅ ወንዞችም እንዲሁ አደገኛ ናቸው። ለዓይን ለጥ ያለ ምቹ ማረፊያ የሚመስለው የአሸዋ ቦይ ራቅ ባለ ተራራ ላይ ዝናብ ከጣለ በድንገት ጎርፍ ይዞ ይመጣል፤ በእንዲህ ያለ ቦይ ውስጥ ቤት አይቆምም።

ቀኑ በምን ያልፋል? ጧት በእግር መሄድ አለ። ሙቀቱ በጥር ቀትር 20 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለጉልበት ሕመም ደግ ነው ይላሉ። አካባቢው በድንጋዩ የታወቀ ነውና አካፋና መዶሻ ይዞ ኳርትዝና አጌት ፍለጋ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየጥሩ የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ይቆማል። በዚያው ወር በትልቅ ድንኳን ውስጥ የአርቪ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ከተማዋ ውስጥ አናቱ ላይ የመዳብ ግመል የቆመበት ትንሽ የድንጋይ ፒራሚድ አለ፤ የሐጂ ዓሊ መቃብር ነው። የአሜሪካ ጦር በረሃውን በግመል ለማቋረጥ ሲሞክር፣ በ1856 ከግመሎቹ ጋር ከኦቶማን ግዛት የመጣ ሰው ነበር። ሙከራው ቀረ፣ እሱ ግን በዚያው ኖሮ በ1902 ሞተ። አሜሪካኖቹ ስሙን «ሃይ ጆሊ» ብለው ጠሩት፤ ፒራሚዱን ያሠራው የአሪዞና የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ነው።

ማምሻውን ሰው ወንበሩን ይዞ እሳት ዳር ይሰበሰባል። የአንዱ ፓምፕ ሲበላሽ ሌላው ድሮ ቧንቧ ሠራተኛ የነበረ ሆኖ ይገኛል። ለሁለት ቀን መጋረጃው ያልተከፈተ ጎረቤት በሩ ይንኳኳል። ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው አንዳንዶች በሚቀጥለው ዓመት ብቻቸውን የሚመለሱት ይህን ፈልገው ነው።

እርጅና ግን በረሃም ውስጥ አይቀርም። የመንግሥት ሜዲኬር በመደበኛ መልኩ በየትኛውም ግዛት ስለሚሠራ ሐኪም ማግኘት ይቻላል፤ በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠው ዓይነት ግን ባብዛኛው በመኖሪያ አካባቢ የተገደበ ነው፤ ከመነሳት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ለጥርስ ብዙዎች ወደ ደቡብ ወርደው ከዩማ አጠገብ ድንበር ተሻግረው ሜክሲኮ ውስጥ ሎስ አልጎዶነስ ይሄዳሉ፤ በዚያች ትንሽ ከተማ በመቶ የሚቆጠሩ የጥርስ ሐኪሞች አሉ። መንዳት ላቃታቸውም የታሰበ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጆ እና ኬይ ፒተርሰን የተባሉ ባልና ሚስት የመሠረቱት ኤስኬፒስ የተባለ የአርቪ ክበብ፣ ቴክሳስ ሊቪንግስተን ውስጥ አባላቱ በገዛ መኪና ቤታቸው እየኖሩ ምግብና እንክብካቤ የሚያገኙበት ማዕከል አለው። አልጋቸውም ጓዳቸውም አይቀየርም። ለሽማግሌ ክብር ከዚህ የበለጠ ዝግጅት ብዙ አላውቅም።

ሁሉም ወዶ እንዳልመጣም መታወቅ አለበት። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ቤታቸውን ወይም ቁጠባቸውን አጥተው ቫን ውስጥ የገቡ፣ በጡረታ ዕድሜያቸው ከአንድ ጊዜያዊ ሥራ ወደ ሌላ የሚዞሩ አሉ። ጄሲካ ብሩደር በ2017 ባሳተመችው መጽሐፍ የጻፈችው ስለ እነሱ ነው፤ ከመጽሐፉ የተሠራው «ኖማድላንድ» የተባለው ፊልምም በ2021 የምርጥ ፊልም ኦስካር አግኝቷል። ያ መሬት ውድ ቢሆን መጀመሪያ የሚባረሩት እነዚህ ናቸው፤ ስለዚህም የፈቃዱ ዋጋ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ የሚከራከሩትን እደግፋለሁ።

በአሜሪካ ጡረታ የደረሳችሁ ወገኖች፣ ነገሩ ከሳባችሁ መኪና ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ አነስተኛ አርቪ ተከራዩ፤ በጥር ወይም በየካቲት ከአይ-10 በመውጫ 17 ወይም 19 ወርዳችሁ በነጻው መሬት ላይ ጥቂት ቀን ሰንብቱ፤ ነባሮቹን ሰላም በሉ፣ ያልገባችሁን ጠይቋቸው። የዘንድሮውን ክፍያና ደንብ አስቀድማችሁ ከመሬት አስተዳደር ቢሮው አረጋግጡ፤ ውሃችሁንም ሞልታችሁ ግቡ።