የጀሪካኑ ሚዛን፦ ሯጭ ወጣት ክብደት ማንሣት ሲጀምር

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም የሚወጣ የላስታ ወጣት ጉዞውን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጀምሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ አየር ዳገት ሲወጣና ሲሮጥ ያደገ ወጣት ልቡ፣ ሳንባውና እግሮቹ የሠለጠኑ ናቸው። ታዲያ እንዲህ ያለው ወጣት ክብደት ለማንሣትም ዝግጁ ነውን? መልሳችን «በከፊል» የሚል ነው። ቶሎ ስለማይደክመው ከአቅሙ በላይ መሸከሙን ሳያስተውል ሊቀር ይችላልና።

በቅድሚያ «ክብደት ማንሣት ቁመት ያስቀራል» የሚለውን አባባል እንመልከት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ በአግባቡ የተዘጋጀ የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ በቁመት እድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አለመታየቱን ገልጿል። ይሁን እንጂ በጉርምስና ዕድሜ አጥንት የሚረዝመው በጫፎቹ አካባቢ ካለው ገና ካልጠነከረ ክፍል በመሆኑ፣ ከልክ ያለፈ ጭነትና የተሳሳተ አነሣሥ ሊጎዱት ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ብርታትም በአመዛኙ የሚመጣው ጡንቻ በመወፈሩ ሳይሆን ነርቮች የጡንቻ ክሮችን አስተባብረው ማዘዝን በመልመዳቸው ነው። ጅማቶች የሚጠነክሩት ግን ዘግይተው ነው። በመሆኑም ክንድ «ጨምር» ሲል ጅማት ገና አልደረሰም።

በብዙ የአገራችን ከተሞች ወጣቶች ሁለት ጣሳዎችን በሲሚንቶ ሞልተው በብረት ቧንቧ በማገናኘት ክብደት ይሠራሉ። ብልሃቱ የሚመሰገን ነው፤ ችግሩ ክብደቱ ስንት እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የአንድ ሊትር ኮንክሪት መጠነ ቁስ 2.4 ኪሎግራም ያህል ስለሆነ ባለ 4 ሊትር ጣሳ 9.6 ኪሎግራም ይሆናል። ሁለቱ ጣሳዎች ቧንቧው ሲታከልባቸው ከ20 ኪሎግራም ይበልጣሉ።

ለስሌታችን 20 ኪሎግራም እንውሰድ። የመሬት ስበት ይህን ጭነት በ196 ኒውተን ኃይል ወደታች ይስበዋል። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ጭነቱን ከወገቡ አከርካሪ 60 ሳንቲሜትር አርቆ ቢይዘው፣ በወገቡ ላይ የሚያርፈው ቶርክ፣ ማለትም ኃይሉ የማዞር አቅሙ፣ 118 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ይህን የሚቋቋሙት የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው መዞሪያ ነጥብ የሚርቁት 5 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ 2,350 ኒውተን ገደማ ማመንጨት አለባቸው፤ ይህም የጭነቱ 12 እጥፍ ነው። የራሱ የላይኛው አካል ክብደት ገና አልተቆጠረም። ጉልበቱን አጥፎ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ ጭነቱን ወደ 30 ሳንቲሜትር ቢያቀርበው ግን ይህ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ከክብደቱ ባልተናነሰ ርቀቱም ወሳኝ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ጀማሪው ከየት ይነሣ? የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ክብደት፣ ቁጢጥ ብሎ በመነሣትና በፑሽ አፕ፣ ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ይልመድ። ቀጥሎ በየቤቱ የሚገኘው የውኃ ጀሪካን ከሲሚንቶው ጣሳ የተሻለ መሣሪያ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎግራም ስለሆነ ጀሪካኑ ራሱ ሚዛን ይሆናል። ባለ 10 ሊትሩን በ5 ሊትር ጀምሮ፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያለ መንገዳገድ ማንሣት ሲችል ግማሽ ሊትር ይጨምር፤ ጭማሪው ከ10 ከመቶ አይበልጥም። በሲሚንቶ ጣሳ ይህን ማድረግ አይቻልም። ውኃው እየተናጠ የክብደት ማዕከሉን ስለሚያዛውር ግን ክዳኑን አጥብቆ፣ ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ፣ በዝግታ ያንሣ። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመካከሉ አንድ ቀን እያረፈ መሥራቱ ይበቃዋል። መገጣጠሚያው ላይ ሕመም ከተሰማው ያቁም፤ ካልተወውም ወደ ጤና ባለሙያ ይሂድ።

ለልምምድ የተቀዳውም ውኃ አይባክንም፤ ልምምዱ ሲያበቃ ለቤት አገልግሎት ይውላል።