ርካሹ የጀርባ መርጫ ሰሊጥን እንዳያጠፋ፦ ገበሬዎች ከዝናቡ በፊት ምን መፈተሽ አለባቸው?

ሰኔ ሲገባ ከገዳሪፍ እስከ መተማና ሁመራ በሚዘልቀው ጥቁር አፈር ላይ ማሽላና ሰሊጥ ይዘራል። ዘሩ ሲበቅል አረሙም አብሮ ይበቅላል። ይህን ጊዜ አነስተኛ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች 16 ወይም 20 ሊትር የሚይዘውን የፕላስቲክ መርጫ ካለፈው ዓመት ከተቀመጠበት ያወጣሉ።

መሣሪያው ርካሽ ነው። በትክክል ካልሠራ ግን የዓመቱን ምርት ሊያሳጣ ይችላል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚወሰን በመሆኑ፣ ሰሊጡ በስህተት የተቃጠለበት ገበሬ መልሶ የመዝራት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ገዳሪፍ ከሱዳን ዋነኛ የማሽላና የሰሊጥ አምራች አካባቢዎች አንዷ ናት። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት የእርሻ ግብዓት አቅርቦትን ያስተጓጎለ ሲሆን፣ በርካታ ተፈናቃዮችም ወደ ግዛቷ ገብተዋል። በዚህ ሁኔታ ያለውን መርጫ በአግባቡ መያዝ አዲስ ከመግዛት የቀለለ አማራጭ ነው።

በቱቦው ውስጥ የሚቀረው አደጋ

በማሽላ ማሳ ላይ በስፋት ከሚረጩት ጸረ አረሞች መካከል ቱፎርዲ በመባል የሚታወቀው ይገኝበታል። ይህ ኬሚካል ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች እየገደለ የሣር ዘር የሆነውን ማሽላ ይተዋል። ሰሊጥ ግን ራሱ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ማሽላው የተረጨበት መርጫ በሳምንታት ልዩነት ለሰሊጥ ሲውል ነው። ገበሬው ቅጠሉን በድር እየጠቀለለ የሚበላውን ትል ለመግደል ጸረ ተባይ ይሞላል። በቱቦው፣ በማጣሪያውና በጎማ ቀለበቶቹ ውስጥ የቀረው ቱፎርዲ አብሮ ይወጣል። ከቀናት በኋላ የሰሊጡ ግንድ ይጣመማል፤ ቅጠሉም ይጨማደዳል።

ዋነኛው መፍትሔ ለጸረ አረምና ለጸረ ተባይ የተለያዩ መርጫዎችን መያዝና በቀለም ምልክት ማድረግ ነው። ይህን ለማድረግ አቅም የሌለው ገበሬ መርጫውን በሳሙና ዱቄትና በውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ እጥበቱንም በቱቦውና በኖዝሉ በኩል ማስወጣት ይኖርበታል። ከዚያም በማሳው ጠርዝ ያሉ ጥቂት የሰሊጥ ተክሎችን ብቻ ረጭቶ ለቀናት መጠበቅ ይበጃል። ተክሎቹ ካልተጣመሙ ወደ ቀሪው ማሳ መቀጠል ይቻላል።

በንጹሕ ውሃ የሚደረጉ ሦስት ፍተሻዎች

መድኃኒት ከመሞላቱ በፊት መርጫው በንጹሕ ውሃ ብቻ ይፈተሻል።

የመጀመሪያው የፍሳሽ ፍተሻ ነው። ታንኩ እስከ ግማሹ ተሞልቶ እጀታው ይመታል፤ ክዳኑ፣ ቱቦው፣ መገጣጠሚያዎቹና መዝጊያው ይታያሉ። መዝጊያው ሲለቀቅ ውሃው ወዲያው መቆም አለበት። ኬሚካል ወደ ረጪው ሰውነት በብዛት የሚገባው በቆዳ በኩል በመሆኑ፣ በጀርባ ላይ የሚያንጠባጥብ ታንክ እስኪጠገን ድረስ ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

ሁለተኛው የኖዝል ፍተሻ ነው። ለአንድ ደቂቃ የሚወጣው ውሃ በመለኪያ ጆግ ተጠራቅሞ ይለካል፤ ልኬቱም ሦስት ጊዜ ይደገማል። መጠኑ ኖዝሉ አዲስ ሳለ ከነበረው ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ቀዳዳው ሰፍቷልና መለወጥ አለበት። የተደፈነ ኖዝል በሽቦ ወይም በመርፌ ከተጎረጎረ ቀዳዳው ይበላሻል፤ በአፍ መንፋትም ለመመረዝ ይዳርጋል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ውሃ በቂ ናቸው።

ሦስተኛው የሥርጭት ፍተሻ ነው። ውሃው በደረቅ ሲሚንቶ ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይረጫል። አንዱ ክፍል ቀድሞ ደርቆ ሌላው እርጥብ ሆኖ ከቆየ፣ መድኃኒቱም በማሳው ላይ እኩል አይዳረስም ማለት ነው።

ፈዳን ወይስ ሄክታር?

ድንበሩን ተሻግሮ የሚሠራ ሰው የሚገጥመው ሌላው ችግር የመሬት መለኪያ ነው። በሱዳን መሬት የሚለካው በፈዳን ሲሆን አንድ ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ለሄክታር የተጻፈን መጠን በአንድ ፈዳን ላይ የረጨ ሰው ከሚፈለገው ሁለት እጥፍ በላይ መድኃኒት ተጠቅሟል።

ልኩን ለማወቅ 10 በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ይከለላል። ገበሬው በተለመደው እርምጃው ውሃ ከረጨ በኋላ የወጣው መጠን ይለካል። ሁለት ሊትር ከወጣ ለሄክታር 200 ሊትር፣ ለፈዳን ደግሞ 84 ሊትር ያስፈልጋል። በ16 ሊትር መርጫ ይህ ለሄክታር 12 ተኩል፣ ለፈዳን ከአምስት ጥቂት የሚበልጥ ሙሌት ነው። በመድኃኒቱ ላይ ለሄክታር አንድ ሊትር ተብሎ ከተጻፈ በእያንዳንዱ ሙሌት 80 ሚሊ ሊትር ይገባል።

ከሥራ በኋላ

መርጫው በየዕለቱ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። እጥበቱ የሚደፋው በተረጨው ማሳ ላይ እንጂ በወንዝ ወይም ሰውና ከብት በሚጠጣበት ሀፊር አጠገብ አይደለም። ጓንት፣ ቦቲ ጫማና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ በመርጨት ብቻ ሳይሆን በማጠብም ጊዜ ያስፈልጋሉ።

ለመርጨት የሚቀዳው ውሃም በጨርቅ መጣራት አለበት። ድፍርስ ውሃ ኖዝል ከመድፈኑም በላይ እንደ ግላይፎሴት ያሉ ጸረ አረሞችን ኃይል ያዳክማል፤ ኬሚካሉ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ስለሚጣበቅ ነው።

የአካባቢው ፀሐይ ፕላስቲክን ስለሚያደርቅና ስለሚሰነጥቅ መርጫው ከበጋው ሙቀት ተጠልሎ፣ ክዳኑ ተከፍቶና ተገልብጦ ይቀመጣል። ምግብና ልጆች ከሚገኙበት ቤትም መራቅ አለበት።

ኖዝልና የጎማ ቀለበት ከመርጫው ክፍሎች ሁሉ ዋጋቸው ዝቅተኛ ቢሆንም በብዛት የሚያልቁት እነርሱ ናቸው። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ጥቁሩ አፈር መንገዱን ስለሚዘጋ፣ መለዋወጫውን ቀድሞ ገዝቶ መያዝ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ገበያ ፍለጋ ከመጓዝ ያድናል።