የሚናገር መሣሪያ በየትኛው ቋንቋ ይናገር?

ከምንኖርበት ከቡራዩ እምብዛም በማይርቀው በሰበታ፣ ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ መኖሩን ታውቃላችሁ። ማየት የተሳነው በጣቱ ያነባል፤ መናገር የተሳነውስ በምን ይናገራል? የሰባት ዓመት ታናሽ ወንድሜ ሁሉን ሰምቶ ያስተውላል፤ አንደበቱ ግን አይታዘዝለትም። ስለዚህ ስለ ጉዳዩ የተረዳሁትን ጥቂት ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

እንዲህ ላለ ልጅ የሚናገር መሣሪያ አለ። በታብሌት ላይ ሥዕሎች ይደረደራሉ፤ ልጁ የውኃውን ሥዕል ሲነካ መሣሪያው «ውኃ» ይላል። ድምፁ ወይ ሰው አስቀድሞ የቀዳው ነው፤ ወይም ኮምፒዩተሩ ከጽሑፍ የሚፈጥረው ነው። የእንግሊዙ ሊቅ ስቲፈን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 ድምፁን ካጣ በኋላ በኮምፒዩተር ድምፅ ሲናገር ኖሯል። የመሣሪያው አነጋገር የአሜሪካን ቢሆንም፣ የራሱ ድምፅ አድርጎ ስለ ቈጠረው ሊለውጠው አልወደደም።

የእኛ ችግር ግን ሌላ ነው። በቡራዩም፣ በሰበታም፣ በሱሉልታም ብዙ ልጅ በሁለት ቋንቋ ያድጋል። በቤታችን አባቴ በአማርኛ፣ እናቴ በኦሮምኛ ያነጋግሩናል። መሣሪያው በተገዛ ጊዜ አንድ የተማሩ ሰው «ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል፤ አንዱ ይበቃዋል» ብለው ስለ መከሩን አማርኛ ብቻ ሞላንበት። ለመስቀል አያታችን ከሱሉልታ መጡ፤ እሳቸው ከኦሮምኛ በቀር አይሰሙም። ወንድሜ ሥዕል ነካ፤ መሣሪያው ተናገረ፤ አያቴ ግን ወደ እኔ ዘወር ብለው «ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ወንድሜም መሣሪያውን ገፋው፤ ያን ቀን ዳግመኛ አልነካውም።

ከዚያ ወዲህ መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ። ዳውን ሲንድሮም ወይም ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሁለት ቋንቋ መስማት ልጁን ወደ ኋላ ያስቀረዋል የሚለውን ሥጋት አልደገፉም።

ይሁን እንጂ ቃሉን ተርጕሞ መለጠፍ ብቻ አይበቃም። በአማርኛ ወንድሜ ለእኔ «ና»፣ ለእኅታችን «ነይ»፣ ለአያቱ «ይምጡ» ማለት አለበት፤ ለአንድ ሐሳብ ሦስት ሥዕል ያስፈልገዋል። በኦሮምኛ ግን «ኮቱ» ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ ለብዙ ሰዎችና ለአክብሮት «ኮታ» ይባላል። ደግሞም ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ ለአማርኛ ብቻ የተሠራ የኮምፒዩተር ድምፅ ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ እኩያው የሆነው የአክስታችን ልጅ ቃላቱን በሁለቱም ቋንቋ ቀዳለት። እጁ የለመደው እንዳይጠፋበት እያንዳንዱን ሥዕል በሁለቱም ገጽ በአንድ ቦታ አኖርን፤ በጥጉ ያለችውን ምልክት ሲነካ ቋንቋው ይለወጣል።

ለገና አያቴ ከበር ሲደርሱ መሣሪያው «አኮ፣ ኮታ» አለ። እሳቸውም ማንንም ሳይጠይቁ ሄደው ከአጠገቡ ተቀመጡ።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ቋንቋ ከመምረጣችሁ በፊት፣ ልጁ በቀን ውስጥ ከማን ከማን ጋር መነጋገር እንደሚሻ አስቀድማችሁ እንድትቈጥሩ በትሕትና አሳስባለሁ።