ዕዳ ሲበዛ ክሬዲት ካርድን መዝጋት ይገባልን?

በአሜሪካ በምንኖር አማኞች መካከል ስለ ዕዳ በግልጽ መነጋገር ብዙም አልተለመደም። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ሰላም ያጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ባልና ሚስት የቢል ፖስታ እስከ መደባበቅ ይደርሳሉ። በዕዳ የተጨነቀ ሰው “ካርዶቼን ሁሉ ልዝጋቸው?” ብሎ ይጠይቃል። አዎን ወይም አይደለም ከማለት በፊት ልንረዳቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

1. ካርድን መዝጋት ዕዳን አይዘጋም

ካርዱ ቢዘጋም ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ወለዱ መቆጠሩን አያቆምም። ለምሳሌ በዓመት 24 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት 6,000 ዶላር ዕዳ ቢኖርባችሁ የወሩ ወለድ ብቻ 120 ዶላር ያህል ነው። 150 ዶላር ብትከፍሉ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 30 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ከመዝጋት የሚቀድመው በካርዱ መግዛትን ማቆም ነው። በአንድ እጅ እየከፈሉ በሌላው መበደር በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

2. መዝጋት ክሬዲትን የሚጎዳው እንዴት ነው?

አበዳሪዎች በብዛት በሚጠቀሙበት በፋይኮ ስኮር 35 በመቶው በጊዜው ከፍላችሁ እንደ ሆነ፣ 30 በመቶው ደግሞ ባለባችሁ ዕዳ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ከተፈቀደላችሁ ገንዘብ ምን ያህሉን እንደ ተጠቀማችሁ ይታያል። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር የሚፈቅዱ ሁለት ካርዶች አሏችሁ እንበል፤ በአንዱ 3,000 ዶላር አለባችሁ፣ ሌላው ዕዳ የለበትም። የተጠቀማችሁት 30 በመቶ ነው። ዕዳ የሌለበትን ብትዘጉት ግን ያው 3,000 ዶላር 60 በመቶ ይሆናል። አንድ ሳንቲም ሳትጨምሩ ስኮራችሁ ሊወርድ ይችላል። በቅርቡ ቤት ወይም መኪና በብድር ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ዓመታዊ ክፍያ የሌለውን ካርድ ለመዝጋት አትቸኩሉ።

3. መዝጋት የሚሻለው መቼ ነው?

ካርዱ በእጃችሁ እያለ መግዛት ማቆም ካልቻላችሁ ዝጉት። የወረደ ስኮር ዕዳው ሲቀንስና ክፍያው በጊዜው ሲገባ ይመለሳል፤ በየወሩ የሚያድግ ዕዳ ግን ትዳርን ያናውጣል። ዓመታዊ ክፍያ እያስከፈለ የማይጠቅማችሁን ካርድም መዝጋት መልካም ነው።

ለትርፍ ባልተቋቋመ የዕዳ አማካሪ ድርጅት በኩል ወለድ አስቀንሳችሁ ለመክፈል ከተስማማችሁም ካርዶቹ እንዲዘጉ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ክፍያው ከ3 እስከ 5 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። “ዕዳችሁን እናሰርዛለን” ብለው ገና ሳይሠሩ ገንዘብ ከሚጠይቁ ግን ተጠንቀቁ። በስልክ ደንበኛ የሚፈልጉ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አስቀድመው እንዳያስከፍሉ የፌዴራሉ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ይከለክላል።

4. ከየት እንጀምር?

ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ፤ የእያንዳንዱን ካርድ ዕዳና ወለድ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ለሁሉም ሚኒመሙን ክፈሉ፤ የተረፈውን ወለዱ ከፍ ባለው ላይ ጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ መሠረት፣ ሚኒመሙን ብቻ ብትከፍሉ ዕዳው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በየወሩ በሚመጣው ቢል ላይ ተጽፎ ታገኛላችሁ። እርሱን ሳታነቡ አትለፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት ያለች እናት ታምማ ገንዘብ ሲጠየቅ “የለኝም” ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ከካርድ በሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወለዱ የሚቆጠረው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያም አለው። ካላችሁ ላይ ጥቂት ላኩ፤ ያላችሁበትንም ሁኔታ በእውነት ንገሯቸው። ቤተሰብ የእናንተን ዕዳ ካላወቀ ልመናውን ሊቀንስላችሁ አይችልም።

ወገኖች ሆይ፣ ዕዳ ያለበት ሰው ከጉባኤ ሊሸሽ አይገባውም። ለምታምኑት አንድ ሰው ቁጥሩን ሳትደብቁ ንገሩት። ከዚያ በኋላ የትኛው ካርድ እንደሚዘጋና የትኛው በመሳቢያ እንደሚቀመጥ በተረጋጋ ልብ መወሰን ትችላላችሁ።