ሙሉ አሳማ በበዓል ማዕድ፤ በላስታስ?

በፊሊፒንና በፖርቶ ሪኮ ለልደት በዓል ሙሉ አሳማ በረጅም እንጨት ተሰክቶ በፍም ላይ እየተገላበጠ ይጠበሳል። ስሙን ሌቾን ይሉታል። ሰዉ ከሁሉ የሚሻማው በእሳቱ ደርቆ የቀላውን ቆዳ ነው አሉ።

በእኛ አገር፣ ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ አነጸው በሚባለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ይህ የማይታሰብ ነገር ነው። አሳማ ሰኮናው ቢሰነጠቅም አያመሰኳምና በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ተከልክሏል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የተጾመው የነቢያት ጾም በገና ሲፈታ የሚታረደው በግ ነው። እርሱም ቢሆን እንዳለ አይቀርብም፤ በየብልቱ ይወጣል እንጂ። ዶሮዋ እንኳ 12 ብልት አላት፤ ቁጥሩን ያጎደለች ሙሽራ ወዮላት!

እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አሳማን ባለመብላት አንድ ሲሆኑ በበጉ ይለያያሉ፤ አንዱ ሌላው ያረደውን አይቀምስም። ስለዚህ ባለ ድግሱ ለጎረቤቱ ሌላ በግ ያቀርባል፤ ጎረቤትየውም በገዛ እጁ አርዶ በተለየ ድስት ያሠራል። ለደጋ ገበሬ ሁለት በግ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ቢሆንም ጎረቤትን ትቶ መደገስ ነውር ነውና ይገዛል።