ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

«ጋሼ፣ መኪናዬ አልነሳ አለች። ግን እኮ 70 ፐርሰንት አላት!»

ደዋይዋ የቆየ ደንበኛዬ ልጅ ናት። «ትንኳኳለች»፣ «ታስላለች»፣ «ታጨሳለች» ሲባል ነው ያረጀሁት፤ የመኪና ሕመም በፐርሰንት ሲነገረኝ ገና አልለመድኩትም። አባቷ እንዲህ አይደሉም። ዲኤክሳቸውን ይዘው ሲመጡ ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፈኑን ይከፍቱና «እስቲ ስማት» ይሉኛል። ጎንበስ ብለን አብረን እናዳምጣለን። «አንዷ ካንዴላ ደክማለች» ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳቱም። አንዳንዴ የምከፈለው እሺ ለማለት ብቻ ይመስለኛል።

ከእሳቸው ዕድሜ ሰዎች ጋር የምንግባባበት ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ስፖኪዮ። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ጥሏቸው ሄደ። የልጅቷ መኪና ግን በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት፦ ፍሪሲዮን የላትም፤ ካንዴላ የላትም፤ የሞተር ዘይት አትጠይቅም። የፍሬን ሸራዋ እንኳ ቶሎ አያልቅም፤ እግር ከፍጥነት መስጫው ሲነሳ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ጎማዋ ግን ይበላል፤ ባትሪ ተሸክማ ትከብዳለቻ። መንግሥት በ2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የመጀመሪያ መኪናቸው እንዲህ ያለች የሆነ ልጆች እየበዙብኝ ነው።

አባቶች ለመኪናቸው ያላቸውን ፍቅር ልጆቹ ይስቁበታል። እኔ አልስቅም። ቀረጡና ታክሱ ሲደራረብ እዚህ አገር መኪና አያረጅም፤ ሃያ ዓመት ተነድታ ከተገዛችበት ዋጋ በላይ ትሸጣለች። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ከውጭ በሚገባው አሮጌ መኪና ላይ ሲከብድ፣ ደጅ የቆመችው ይበልጥ ተወደደች። ሊብሬው ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጠው በከንቱ አይደለም። ሌላ ደንበኛዬ፣ ልጃቸው የሰጡትን ቪትስ ሸጦ በራይድ መሄድ ሲጀምር፣ እርሻ መሀል በሬ የሸጠ ያህል ነው የተቆጡት። ልጁን ጠየቅኩት። «ማቆሚያ ፍለጋ ስዞር ከምውል ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ሥራዬን እሠራለሁ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለነገሩ ይህን ሁሉ የማወራው መኪና መምረጥ ስለሚችሉ ልጆች ነው፤ የሚበዙት የታክሲ ሰልፍ ላይ ናቸው፣ ጋራዤንም አያውቁትም።

በአንድ ነገር ግን ልጆቹ ይበልጡናል። ቀበቶ ሳይነገራቸው ያስራሉ። የኛ ዘመን ሰው ትራፊክ ሲያይ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል፣ እንደ ነጠላ።

ልጅቷ ቤት ስደርስ አባትየው ቀድመውኛል። ዲኤክሷን ከልጃቸው መኪና ጋር ፊት ለፊት አፋጥጠዋት፣ የባትሪ ገመድ በእጃቸው ይዘው ይጠብቁኛል። ችግሩም የገመቱት ነበር። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ቢያድር ዋጋ የለውም፤ እሱን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ኮምፒውተር የምትቀሰቅሰው ተራዋ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ከሞተች 70ው ፐርሰንት የተቆለፈ ሣጥን ነው።

«ታዲያ ይቺም እንደኛዋ ባትሪ አላት በለኛ!» አሉ፤ ደስ አላቸው።

መመሪያውን አየሁና ገመዱን አያያዝኩ። ስክሪኑ በራ። እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ ዘንበል አድርገው ቆመዋል።

«ተነሳች?»

«ተነስታለች፣ ጋሼ።»

«ምንም አልሰማሁም።»

«አባዬ፣ ግባ በቃ፣ አንድ ዙር ላዙርህ» አለች ልጅቷ።

ገቡ። ቀበቶውን ስበው እንደ ልማዳቸው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። መኪናዋ ከበሩ ሳትወጣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረች።

እሳቸው በመስኮቱ ብቅ ብለው ጠሩኝ። «ና፣ ና እስቲ ስማት!»