ከግንቡ ውስጥ ያለ ሁሉ ወዳጅ አይደለም

የሐረርን የጁገል ግንብ ያየ ሰው የጥንቱን የጥበቃ ዘዴ ለመረዳት አይቸገርም። ከተማይቱ በግንብ ታጥራለች፤ መግቢያዋም በአምስት በሮች የተወሰነ ነበር። ገቢና ወጪው የሚጠበቀው በበሮቹ ላይ ነው። አንዴ በበሩ ያለፈ ሰው በየደጃፉ እንደገና ማንነቱን ይጠየቃል ተብሎ አይጠበቅም።

የኮምፒዩተር ኔትወርኮችም ለብዙ ዓመታት የተገነቡት በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ግንቡ ፋየርዎል የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ከውጭ የሚመጣውን የመረጃ ፍሰት እየመረመረ የተፈቀደውን ያሳልፋል፤ ያልተፈቀደውን ያግዳል። ርቆ ለሚሠራ ባልደረባ ደግሞ ቪፒኤን በተባለ የተመሰጠረ መስመር ልዩ በር ይከፈትለታል። ይህ አሠራር በሁለት ግምቶች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው፣ ውስጥና ውጭ ተለይተው ይታወቃሉ የሚል ነው፤ ሁለተኛው፣ በውስጥ ያለ ሁሉ ወዳጅ ነው የሚል ነው። ዛሬ ሁለቱም ግምቶች አይሠሩም።

የወደቁት ግምቶች

እ.ኤ.አ. በ2013 ታርጌት በተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት ላይ የደረሰው ዝርፊያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥቃት አድራሾቹ የተጠቀሙት የማቀዝቀዣ መሣሪያዎችን ለድርጅቱ ከሚያድስ አንድ ተቋራጭ የሰረቁትን የመግቢያ ፈቃድ ነበር። ከዚያም በውስጥ ለውስጥ ተጉዘው እስከ ሱቆቹ የሒሳብ መክፈያ መሣሪያዎች ደረሱ፤ የ40 ሚሊዮን ያህል የባንክ ካርዶች መረጃም ተሰረቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የነዳጅ ማስተላለፊያ ድርጅት ለቀናት ሥራውን ያቋረጠው፣ በአንድ አሮጌ የቪፒኤን መግቢያ ምክንያት ነበር። መግቢያው ከይለፍ ቃል በቀር ሌላ ማረጋገጫ አይጠይቅም ነበር።

ክላውድ የተባለው አገልግሎት ሲመጣ ደግሞ የግንቡ መስመር ራሱ ጠፋ። ተቋሙ ሰነዱን በራሱ ክፍል ባሉ ሰርቨሮች ሳይሆን፣ በሌላ አገር በሚገኝ የመረጃ ማዕከል በኪራይ ያስቀምጣል፤ ሠራተኛውም ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ይከፍተዋል። እዚህ ላይ ውስጥ የቱ ነው? ውጭስ የቱ ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 ካፒታል ዋን በተባለው ባንክ የደረሰው ይህንን ያሳያል። በክላውድ ላይ የነበረ አንድ ፋየርዎል አለአግባብ ተስተካክሎ ስለነበር፣ አጥቂዋ በእርሱ በኩል ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ አገኘች። ፈቃዱ ፋየርዎሉ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን የተሰጠው በመሆኑ፣ በአሜሪካ የ100 ሚሊዮን፣ በካናዳ ደግሞ የ6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተጋለጠ። እንግዲህ በክላውድ ዘመን ግንቡን የሚተካው የማንነት ማረጋገጫና የሥልጣን ልክ ነው ማለት ነው።

አሮጌ ሐሳብ በአዲስ ስም

ለዚህ ችግር የቀረበው መፍትሔ «ዜሮ ትረስት» ይባላል፤ በአማርኛ «ሳይመረምሩ አለማመን» ልንለው እንችላለን። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቁት ጆን ኪንደርቫግ የተባሉ የመስኩ ተንታኝ ናቸው። ሐሳቡ ግን ከዚያ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ሁለት መርሆችን አስቀምጠው ነበር። እነርሱም፣ ማንም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጠው፤ እያንዳንዱም የመጠቀም ጥያቄ ሁልጊዜ ይመርመር የሚሉ ናቸው። በ1980ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራው ኬርበሮስም ኔትወርኩ ራሱ አይታመንም ከሚል መነሻ፣ ለተጠቃሚዎች የጊዜ ገደብ ያለው ትኬት ይሰጥ ነበር።

ሐሳቡን በሰፊው ወደ ሥራ ከለወጡት አንዱ ጉግል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከደረሰበትና በጥር 2010 ይፋ ካደረገው ጥቃት በኋላ፣ ሠራተኞቹ ያለ ቪፒኤን ከየትም ቦታ የሚሠሩበትን ሥርዓት ገነባ፤ እ.ኤ.አ. በ2014ም አሠራሩን አሳተመ። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የአሠራሩን መመሪያ አወጣ።

አሠራሩ እንዴት ነው?

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የደመወዝ መዝገብ ልትከፍት ፈለገች እንበል። ጥያቄዋ በቀጥታ ወደ መዝገቡ አይሄድም፤ በመካከል የቆመ በረኛ ይይዘዋል። በረኛው በራሱ አይወስንም፤ ጉዳዩን ደንቦቹን ወደሚያውቀው ወሳኝ ክፍል ያቀርባል። ወሳኙም ይመረምራል፦ ጠያቂዋ ማን ናት? ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ አቅርባለች? የምትጠቀምበት ኮምፒዩተር የተመዘገበና የታደሰ ሶፍትዌር ያለው ነው? ይህን መዝገብ ማየትስ ሥራዋ ነው? መልሱ የሚያረካ ከሆነ ለዚያ መዝገብ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ ፈቃድ ይሰጣታል። በቢሮዋ ተቀምጣ መጠየቋ ብቻውን ምስክር አይሆንላትም።

ይህ ደንብ በሰርቨሮችም መካከል ይሠራል። ጥቅሙን በቀላል ስሌት እንመልከት። አንድ ተቋም 100 ሰርቨሮች ቢኖሩትና እያንዳንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር በነፃነት ቢገናኝ፣ 100 ጊዜ 99 ማለትም 9900 መንገዶች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ሰርቨር ለሥራው ወደሚያስፈልጉት 3 ብቻ እንዲደርስ ቢደረግ ግን መንገዶቹ 300 ብቻ ይሆናሉ። አጥቂው አንዱን ሰርቨር ቢይዝ እንኳ ከ99 ጎረቤቶች ፈንታ የሚያገኘው 3 ነው፤ እነርሱም ዘንድ እንደገና ይጠየቃል።

ዋጋውና ወሰኑ

ይሁን እንጂ እምነት ፈጽሞ አልጠፋም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ። ቀድሞ በግንቡ ላይ የነበረው እምነት አሁን ማንነትን በሚያረጋግጠው ክፍል ላይ ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በታወቀው የሶላርዊንድስ ጥቃት፣ 18,000 ያህል ደንበኞች የታመነ መስሏቸው የተበከለ ሶፍትዌር ተቀብለው ነበር። ለብርበራ በተመረጡት ጥቂቶች ዘንድ አጥቂዎቹ የማንነት ማረጋገጫው የሚፈረምበትን ቁልፍ እስከ መስረቅ ደርሰዋል። ማኅተሙን የያዘ ሰው ደብዳቤውን ራሱ ይጽፋልና፣ እንዲህ ያለውን አጥቂ በረኛው ብቻውን አያቆመውም።

ሌላው ዋጋ የአገልግሎቱ መቋረጥ ነው። ማረጋገጫው በኢንተርኔት የሚመጣ ከሆነ፣ መስመር በጠፋ ቁጥር ሥራ ይቆማል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት እንደ እኛ ባለ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አንድ ሐኪም መስመር ጠፋ ተብሎ የበሽተኛውን መዝገብ ሊነፈግ አይገባም፤ በሩም በዚህ ሰበብ ወለል ብሎ ሊከፈት አይገባም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሆን፣ በጥብቅ የተወሰነና ተመዝግቦ በኋላ የሚመረመር የአስቸኳይ መግቢያ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ሰነዱን ወደ ክላውድ ሊያዛውር ያሰበ ተቋም እንግዲህ በመጀመሪያ መግዛት የሚኖርበት አዲስ መሣሪያ አይደለም። ምን ምን መረጃ እንዳለው፣ ማን እንደሚጠቀምበትና ለምን እንደሚጠቀምበት መዝግቦ ይወቅ፤ የለቀቁ ሠራተኞችን መግቢያ ይዝጋ፤ ሁለተኛ ማረጋገጫን ግዴታ ያድርግ፤ የተትረፈረፈውንም ሥልጣን ይቀንስ። ይህ ሳይሠራ የተዛወረ መረጃ አሮጌውን ድክመት ይዞ ይሄዳል፤ አዲሱ ቤት ደግሞ ግንብ የለውም።